ጋሽ ላቀው ለአማቻቸው የመረጡት ሰዓት

ጋሽ ላቀው ማረፋቸውን የነገረኝ ያ ስንት ጊዜ ፊት የነሱት አማቻቸው ነው። ጠዋት ላይ የአንዲት ሴትዮ ክንድ አስሬ ደም ሥር ስፈልግ ስልኬ ጋውኔ ኪስ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። አላነሣሁትም። ደግሞ ጠራ። ደሙን ቀድቼ ሳበቃ አየሁት፤ በረከት ነው። «ሲስተር» አለኝ። ድምፁ የሱ አልመስል አለኝ። «አባባ አረፉ።»

መሞታቸው የገባኝ ኋላ ነው። መጀመሪያ ጆሮዬ ላይ የቀረው «አባባ» የሚለው ነው። ይህ ልጅ እኚህን ሰው «አባባ» ብሎ ለመጥራት ምን እንዳየ እኔ አውቃለሁ። ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩ። ሴትዮዋ ክንዷን በጥጥ እንደያዘች «ምነው የኔ ልጅ፣ ምን ሆንሽ?» ስትለኝ ጊዜ እንባዬ መጣ።

ጋሽ ላቀው ከጳውሎስ ሆስፒታል ዝቅ ብላ ባለች የግል ክሊኒክ ራጅ አንሺ ነበሩ። እኔ እዚያው ላቦራቶሪ ነኝ፤ በመሀላችን ያለችው አንዲት ስስ ግድግዳ ናት። ቀኑን ሙሉ ድምፃቸውን ስሰማ እውላለሁ። «ሰዓት፣ ቀለበት፣ ሀብል፣ የፀጉር ሽቦ፣ ብረት የሆነ ነገር ሁሉ ሳህኑ ላይ!» ከዚያ ፀጥ ይላል። «ትንፋሽ ይያዙ… እንዳይተነፍሱ… እንዳይተነፍሱ…» ማሽኑ ጢዝ ይላል። «ይተንፍሱ!» ይቺን የመጨረሻዋን እንደ ምሥራች ነበር የሚሏት። በሽተኛው ከዚያ ክፍል ሲወጣ፣ ገና ምንም ሳይደረግለት፣ ትንሽ የተሻለው ይመስላል።

አባባሏን ከራጅ ክፍል አውጥተው የትም ይዘዋት ይዞሩ ነበር። ነርሶቹ ሲጣሉ በበሩ ብቅ ብለው «ትንፋሽ ያዙ!» ነው። መብራት ጠፍቶ ወረፋው ሲንጫጫም ያው ነው። እኔማ ግልፍተኛ ነኝ፣ ነገር ቶሎ ነው የሚፈላብኝ፤ እሷን ቃል ሳልባል የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። አንድ ጊዜ «እርስዎ ሰውን ሁሉ ትንፋሽ አስይዘው ሊገድሉት ነው» ብላቸው ከት ብለው ሳቁ። ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፣ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው።

ሰውን የሚያውቁት በዚያች ሳህን ነበር። ራጅ የሚነሣ ሰው ያወለቀውን ሁሉ እሷ ላይ ያኖራል፤ ሳህኗን ደግሞ አስታማሚው ይዞ ይወጣል። አንዳንዱ ኮሪደር ላይ ያለ ወንበር ላይ ወርወር አድርጓት ስልኩን ይነካካል። አንዳንዷ የባሏን ሰዓት አንስታ የውስጡን ጽሑፍ ትመረምራለች። ጋሽ ላቀው በበሩ ላይ ባለች መስታወት በኩል ይህን ሁሉ ያያሉ። «ሳንባውን ፊልሙ ላይ አየዋለሁ፣ የቀረውን ሳህኗ ትነግረኛለች» ይሉኝ ነበር። ሰዓት ላይ ደግሞ ዓይናቸው ለጉድ ነው። ወርቅ ቅቡ ዳር ዳሩን የተላጠ፣ ማሰሪያው በላብ የተበላ፣ መስታወቱ እንደ ድመት ጭረት የተቧጨረ፣ ስንቱን አይተዋል መሰላችሁ።

የሳቸው አንጓ ግን ባዶ ነው። ሲያስቡ የግራ አንጓቸውን በቀኝ እጃቸው ጣቶች ይይዙታል፣ የራሳቸውን የልብ ትርታ እንደሚቆጥር ሰው። ሰዓት ነበራቸው፤ ሲያገቡ አማታቸው ያሰሩላቸው። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ የሞቱ ቀን አውልቀው ሣጥን ውስጥ አስቀመጡት፣ ከዚያ ወዲህ ሌላም አላሰሩም። ስለዚህ በጾም ሰሞን ቅዳሴ መውጫ ሲደርስ በግድግዳው ወዲያ ሆነው «አንቺ ጴንጤ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሞላ?» ይሉኛል። «ገና ነው ጋሼ፣ ቢበሉ ማን ያይዎታል?» እላለሁ። «አንቺ አየሽኝ አይደል» ይላሉ።

ጴንጤ መሆኔን ለመቀለጃ እንጂ ለክፉ አንሥተውት አያውቁም። እናቴ የሞተች ጊዜ ድንኳናችን ውስጥ ኪቦርድ ተተክሎ መዝሙር ይዘመራል፤ እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ጥግ ላይ ቁጭ። ሠልስት እስኪወጣ ሳያስታጉሉ መጡ። ሲሸኙ «መዝሙሩ እንዴት ነው ጋሼ?» ብላቸው፣ «ድምፁ ትንሽ በዛ እንጂ ቃሉስ ደኅና ነው» አሉኝ። በዚያ ሁሉ ሐዘን መሀል አሳቁኝ። እንደዚያ ቀን ሰው የወደድኩ አይመስለኝም።

ስለዚህ አንዲት ልጃቸው ማህሌት ከጴንጤ ቤተሰብ የወጣ ልጅ ልታገባ ነው ሲባል እኔ ምንም ክፉ አልጠበቅኩም። ሞኝ ነኝ። ማህሌትን ብቻቸውን ነው ያሳደጓት፤ ፀጉሯን እንኳ ራሳቸው ነበር የሚጎነጉኑላት፣ የተጣመመ ሹሩባ ይዛ ክሊኒክ ስትመጣ እኔ ነበርኩ የማስተካክልላት። በረከት የሚባለው ልጅ ሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ትሑት፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ የሚናገር። ሽማግሌ ላከ። ጋሽ ላቀው እሺም አላሉ እምቢም አላሉ።

«በኛ ቤት ልማድ አለ» አሏቸው ሽማግሌዎቹን። «የሙሽራውን ሰዓት መርጦ የሚያስርለት የልጅቷ አባት ነው። ለኔም አማቴ ናቸው ያሰሩልኝ። ደኅና ሰዓት ስትገኝ ቀን እንቆርጣለን።»

ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸው ወጡ። ሰዓት መግዛት ምን ያህል ይፈጃል? አንድ ቅዳሜ፣ በቃ። እኔም እንደዚያ መስሎኝ «አብሬዎት እሄዳለሁ» አልኩ። ወይ መከራዬ!

ቅዳሜ ከሥራ ስንወጣ እንሄዳለን። ፒያሳ ከፈረሰች ወዲህ የሚያውቋቸው ሰዓት ቤቶች የት እንደገቡ እያጠያየቅን፣ ሕንፃ ለሕንፃ፣ ፎቅ ለፎቅ። የሚፈልጉትን አውቀውታል፤ «ከእጅ የማታሳፍር፣ ከጎረቤት የማታጣላ» ይላሉ። የርካሹን ጠረጴዛ ቀና ብለውም አያዩት። «ልጄን በፕላስቲክ ሰጠኋት ልበል?» የውዱ ጋ ደግሞ አልማዝ የተፈናጠረባትን አንዷን አንሥተው «ይቺን ያሰረ ሰው ሰላም ሲል ግራ እጁን ነው የሚዘረጋው» ብለው መለሷት። የሚቀረው መሀሉ ነው። ባትሪ የማትፈልግ፣ እጅ ሲንቀሳቀስ ራሷን የምትሞላ፣ መስታወቷ የማይጫር፣ ጀርባዋ ላይ የሠራት አገር በደንብ የተቀረጸባት፣ ከሃያ ዓመት በኋላም ሰዓት ሠሪ ከፍቶ የሚጠግናት። መሀሉ ላይ ብዙ ሰዓት አለ። እሳቸው ግን ሁሉንም ጆሯቸው ላይ አስጠግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳምጠው፣ መዳፋቸው ላይ መዝነው፣ አንድ ነገር አያጡባቸውም። «ድስት ክዳን ናት።» «ቀላል ናት፣ እንዳሰራት ይረሳታል።» ሻጩ «አባት፣ ኦሪጅናል ናት፣ ወረቀት አላት» ሲል «ወረቀቱን ለራስህ እሰረው» ይሉታል።

ትልቁ ጣጣ ቀን የምታሳየው ትንሿ መስኮት ነበረች። ፈረንጅ የሠራት ሰዓት ቀኗን የምትገለብጠው አሥራ ሁለት ቁጥር ላይ ስትደርስ ነው፤ ለሱ እኩለ ሌሊት ነው። እኛ በሀገራችን ሰዓት ስንሞላት ያው አሥራ ሁለት ወይ ንጋት ላይ ይውላል ወይ ምሽት ላይ፣ እንዳሞላላችን። ጋሽ ላቀው የሚፈልጉት በምሽት ነው። «ቀን የሚገባው በዋዜማው ነው» ይላሉ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደዚያ ነዋ የምትቆጥረው። ይህም ባልከፋ። ግን ቷ ብላ በአንድ ጊዜ ካልተገለበጠች አይሆንም አሉ። የመካከለኛ ዋጋ ሰዓት ብዙዋ ቀስ ብላ ነው የምትገለብጠው፤ ከአሥራ ሁለት በፊት ትጀምርና ካለፈ በኋላ ትጨርሳለች፣ አሥራ ሁለት ላይ ስታይዋት መስኮቷ ላይ የሁለት ቁጥር ግማሽ ግማሽ ነው ያለው። መሙያዋን እያዞሩ፣ ሻጩ እያዛጋ፣ ይህን ያሳዩኛል። «ተመልከቺ። ግማሽ ትናንት፣ ግማሽ ነገ። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ይሰጣል?»

«ታዲያ ቀን የሌላትን ይግዙ!»

«ቀኑን የማያውቅ ባል ምን ያደርግላታል?»

ቷ የምትል ያገኘን ቀን ማሰሪያዋ አልተመቻቸውም። ማሰሪያዋ ይቀየራል ሲባል ቁጥሮቿ ቀጠኑ። ያን ቀን ገባኝ። ወር በወር ላይ እየተጨመረ ነው፣ የበረከት ቤተሰብ መልስ ይጠብቃል፣ ማህሌት ከሲታ እየሆነች ነው፣ እኚህ ሰውዬ ሱቅ ለሱቅ ያዞሩኛል።

ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወስደው ዳገት ላይ ስንደርስ አፈነዳሁት። «ጋሼ፣ እርስዎ የሚፈልጉት ሰዓት አይደለም፣ ምክንያት ነው። ጴንጤ ስለሆነ ነው። እኔስ ምንድን ነኝ? ከኔ ጋር ስንት ዓመት እንጀራ አልቆረሱም?»

«አንቺ ሌላ ነሽ» አሉኝ።

ይህ ነው ያበገነኝ። «ሌላ» ማለት ምን ማለት ነው? ልጅዎን የማትወስድ ማለት ነው? እንዲሁ አልኳቸው፣ መንገደኛ እያየን። ትንፋሽ ያዢ ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ አላሉም። አጥር ሥር ያለ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና አንጓቸውን ያዙ።

«አስካለ ልትሄድ ስትል እጄን ይዛ ‹ልጄን በተክሊል ዳርልኝ› አለችኝ» አሉ። «እሺ አልኳት። አሁን እሷን ከየት አምጥቼ ነው ሐሳቤን ቀየርኩ የምላት? ልጁን ጠልቼው አይምሰልሽ። ልጁን ባየሁት ቁጥር እሺ ያልኩት አፌ ነው የሚመረኝ። ምን ላድርግ? እስቲ አንቺ ንገሪኝ።»

ምላሴ አያርፍም ይሉኛል። ያን ቀን አረፈ። ሐዘናቸው ልክ ነበረ፣ የማህሌትም ፍቅር ልክ ነበረ፣ መሀላቸው ላይ የምታስገቡት ቃል ግን የለም። ተነሥተን ዳገቱን ወጣን።

ማህሌት የመጣችው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። ሰላም እንኳ ሳትለኝ አልፋ ራጅ ክፍል ገባች፣ በሩን ዘጋች። ግድግዳው ስስ ነው ብያችኋለሁ።

«አባዬ፣ ሰዓቱን ተወው። እሺ በለኝ ወይ እምቢ በለኝ።»

«ትንፋሽ ያዢ ማህሌት።»

«ይዣለሁ! ከያዝኩ ስንት ጊዜዬ! ተንፍሺ የምትለኝ መቼ ነው?» ከዚያ ለቅሶዋ ቃሏን ቆራረጠው። «ያለ አንተ እጅ አላገባም። እነሱ ደግሞ ቀን ሊቆርጡ ነው፣ ያለ አንተ። ወይ አንተን ነው የማጣው ወይ እሱን። ምን አደረግኩህ?»

እሷ ስትወጣ ፊቷን በሻርፗ ሸፍናለች። እሳቸው ከክፍሉ የወጡት ቀጣዩ በሽተኛ በሩን ሲያንኳኳ ነው። ያን ቀን ሙሉ «ይተንፍሱ» ሲሉ ድምፃቸው ተራ ነበር።

እና እግዚአብሔር፣ የኔም የሳቸውም፣ አንድ ጠዋት የበረከትን እናት አመጣት። ሳል አልለቅ ብሏት ሐኪሙ ራጅ አዞላታል። ልጇ ደግፎ ይዟት ኮሪደሩ ላይ ሲቆም አየሁት። ጋሽ ላቀው ካርዱን ይዘው ስም ሊጠሩ ብቅ አሉ፣ አዩት። እሱም አያቸው። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁና ለሴትዮዋ «ይግቡ እናቴ» አሉ። «ብረት የሆነ ነገር ሁሉ ሳህኑ ላይ» ሲሉ እንደ ወትሮው አልጮኹም።

ሰዓቷን፣ ቀለበቷን፣ የፀጉር ሽቦዋን አወለቀች፤ በረከት ሳህኗን ተቀብሎ ወጣ። መብራት ይሄድ ይመጣ ስለነበር ነገሩ ረዘመ። ልጁ ግድግዳውን ተደግፎ እንኳ አልቆመም፤ ሳህኗን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ፣ ዓይኑ በሩ ላይ።

«ኧረ አስቀምጣትና ቁጭ በል» አልኩት።

«አይ፣ የእማዬ ነው» አለኝ።

በግድግዳው በኩል «ትንፋሽ ይያዙ እናቴ… እንዳይፈሩ… ይተንፍሱ» ሲሉ እሰማለሁ። ማሽኑ እንደገና ሲጠፋ እንደገና። ሲጨርሱ በሩን ከፈቱ፣ ልጁም እዚያው እንደቆመ ነው። ትንሽ አዩት። ከሳህኗ ላይ የእናቱን ሰዓት አንሥተው ራሳቸው እጇ ላይ አሰሩላት። «ምሕረቱን ይላክልዎ» አሏት።

ከሰዓት በኋላ ላቦራቶሪ መጡና በሩ ላይ ቆሙ። «ሳህኗን አላስቀመጣትም፣ አየሽው?»

«አየሁት ጋሼ።»

አንጓቸውን ያዙ። «ቅዳሜ ትመጪያለሽ?»

ቅዳሜ ዕለት ሌላ የትም አልሄዱ፤ መጀመሪያ የሄድንበት ሱቅ ቀጥ ብለው ገቡ። ሻጩ ሲያየን ፊቱ ጠቆረ። ነጭ ፊት፣ ቡናማ ቆዳ ማሰሪያ ያላትን፣ በመጀመሪያው ቀን አውግዘው የመለሷትን አስወጡት። ጆሯቸው ላይ አደረጓት። መሙያዋን አዞሩ፣ አሥራ ሁለት ላይ ስትደርስ አቆሙ፣ አሳዩኝ። ያው ናት፣ ግማሽ ግማሽ።

«ጋሼ፣ ይቺ እኮ ያቺ ግማሽ ትናንት ያሏት ናት።»

«ናት።» ደግሞ ቀስ ብለው አዞሩ፤ ቁጥሩ እየሸሸ እየሸሸ ገባ። «ትደርሳለች። ጊዜ ስጡኝ ነው ያለች እንጂ አልደርስም አላለችም።»

ደጅ ስንወጣ ማሸጊያዋን ጉያቸው ውስጥ ሸጎጡ። «ለአስካለ የምመልሰው እኔ ነኝ» አሉኝ። «ልጆቹን ምን አገባቸው።»

ልጆቹ በማዘጋጃ ፈርመው ድግሱ ጋሽ ላቀው ግቢ ውስጥ ሆነ። አንድ ድንኳን ሥር የሁለት ቤት ዘመድ ጎራ ለይቶ ተቀምጧል፣ አንዱ የአንዱን ምግብ ሳይቀር በጥርጣሬ ያያል። ጋሽ ላቀው ተነሡ። ሰዓቷን ሞልተዋታል፣ በኛ ሰዓት፣ በኛ ቀን፣ በምሽት እንድትገለብጥ አድርገው። በረከት እጅ ላይ ሲያስሯት ማሰሪያዋ ቀዳዳዋን አልይዝ አለች።

«ትንፋሽ ያዝ» አሉት። ያዘ። ያሰሩለትንም ክንድ አልለቀቁም፤ ማህሌትን በሌላ እጃቸው ሳብ አደረጉና ሁለቱንም አዩ። «በሉ ተንፍሱ» አሉ።

እልልታው የተነሣው ከሁለቱም ጎራ ነበር። ማህሌት አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ አልለቅ አለች። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ይደብቃል።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ለኔ ከሁሉ የሚበልጠው። የፈረንጅ ሰዓት እስከ ሠላሳ አንድ ትቆጥራለች፤ የኛ ወር ሠላሳ ላይ ያልቃል። ስለዚህ በየወሩ ሠላሳ ሲመሽ ሰዓቷ በኛ ዘንድ ወደሌለ ቀን ትገባለች፣ ሰው በእጁ ወደ አንድ ካልገፋት። የመጀመሪያው ወር መጨረሻ ላይ በረከት መጣና «አባባ፣ ይቺን ማዞር አላወቅኩበትም» አለ። ጋሽ ላቀው መነጽራቸውን አደረጉ። እየተገለበጠች ሳለች ከነኳት የውስጥ ጥርሷ ይሰበራል፣ ጨርሳ እስክትገለበጥ መጠበቅ ግድ ነው። ያቺ ቀሰስተኛ ደግሞ መች ትቸኩላለች። ተቀምጠው ጠበቁ። ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ፤ ወሩ ሠላሳ ሲሆን ልጁ ከሥራ ቀጥታ እዚያ ነው። ሲጠብቁ ያወራሉ፣ ስለ ድንግል ማርያም ይከራከራሉ፣ እሳቸው ዳዊታቸውን ይገልጣሉ እሱ ስልኩ ላይ ጥቅሱን ይፈልጋል፣ ማህሌት መሀል ገብታ እራት ታቀርባለች። የዕንቁጣጣሽ ዋዜማማ ጳጉሜ አጭር ስለሆነች ሰዓቷን ገፍተው ገፍተው አንድ ላይ እስኪያደርሷት ሥራው ረጅም ነበር፤ ዶሮው በርዶ ይጠብቃቸዋል።

«ጋሼ፣ ይህ ልጅ ሊፍት እኮ ነው የሚጠግነው» አልኳቸው አንድ ቀን። «ይቺን ማዞር አቅቶት ነው?»

ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። «ዝም በይ» አሉኝ። «እንደማያውቅ ይሁን።»

የታመሙ ጊዜ ራጅ ያነሣቸው እሳቸው ያሠለጠኑት ልጅ ነው። በልማዱ «ብረት የሆነ ነገር ሳህኑ ላይ ጋሼ» ሲላቸው «የማኖረው የለኝም» ሲሉ ሰማኋቸው። ፊልሙን ራሳቸው መስኮት ላይ አንሥተው አዩት። ፖስታው ውስጥ መልሰው ከተቱት። የሚያዩትን ያውቁታል።

መጨረሻ ቤታቸው ሄጄ ስጠይቃቸው አልጋ ላይ ሆነው እንደ ድሮው አንጓቸውን ይዘዋል። ሰውነታቸው አልቋል፣ ድምፃቸው ግን ያው ነው። «አስካለ ትጠይቀኛለች» አሉኝ። «እሺ ብለኸኝ አልነበረም ወይ ትለኛለች።»

«ምን ይሏታል ጋሼ?»

አሰቡ። «ልጁ የእናቱን ዕቃ ከእጁ አላስቀመጠም እላታለሁ። ይገባታል፣ አስካለ ብልህ ናት።»

እንጦጦ ማርያም ነው ያረፉት። የበረከት እናት ከነሳሏ ዳገቱን ወጥታ መጥታ ነበር። ማህሌትን ሁለት ሴቶች ይዘዋታል፣ እሷ ግን ወደ መቃብሩ ነው የምትሄደው። በረከት አላለቀሰም። ወንበር ያወርዳል፣ ድንኳን ይወጥራል፣ የእድር ዕቃ ይቆጥራል፣ ሰው ያስቀምጣል። አንዳንዱ «ይኸውላችሁ፣ የሰው አባት ነው፣ ምን ያስለቅሰዋል» ሲል ጆሮዬ ገባ። ልናገረው ብዬ ተውኩት። ትንፋሽ ያዢ ይሉኝ ነበር፣ ያዝኩ።

ሠልስቱ ሚያዝያ ሠላሳ ዋለ፣ የግንቦት ልደታ ዋዜማ። ሰው ተበትኖ ቅርብ ዘመድ ብቻ ቀርቷል፤ ከጎረቤት በኩል ልጆች የልደታን እሳት አንድደው ይጮኻሉ። ለቀስተኛ በልቶት የተረፈው ንፍሮ ፊታችን አለ። በረከት ሥራ አጥቶ፣ መቼም አሁን የሚሸከመው ወንበር አላገኘም፣ አጠገቤ ቁጭ አለ። አንጓውን አየ። ዓይኔን ወደዚያው ላክሁ። ከአሥራ ሁለት ትንሽ አልፏል። መስኮቷ ላይ ሠላሳው ሊወጣ፣ ሠላሳ አንድ ሊገባ ግማሽ ግማሽ ሆነው ቆመዋል።

«ስትጨርስ አዙራታ» አልኩት ቀስ ብዬ።

«አላውቅበትም» አለኝ። እጅጌውን ጎትቶ ሸፈናት። «አባባ ናቸው የሚያዞሯት።»

ማህሌት ሰምታዋለች። ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ከሴቶቹ መሀል ተነሥታ መጣች። ድምፅዋ ከማልቀስ ብዛት ተዘግቷል። አጠገቡ ተቀምጣ እጅጌውን ገለጠች፣ ክንዱን ጭኗ ላይ አደረገች።

«ትጨርስ» አለች። «እንጠብቃት።»

ጠበቅን። ሦስታችንም አንዲት ሰዓት ላይ አቀርቅረን። ቀኑ ሙሉ ለሙሉ ሠላሳ አንድ ሆነ። ማህሌት መሙያዋን በጥፍሯ ሳብ አደረገች፣ አባቷ ሲያደርጉ በስንቱ ወር አይታቸዋለች፤ ቁጥሩን አንዴ ገፋችው፣ አንድ ላይ ቆመ። መሙያዋን መልሳ ተጫነች። ከዚያ የባሏን ፊት ቀና ብላ አየችው።

«ተንፍስ» አለችው።

በረከት ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው።